ከአገር ቤት ነርስነት ወደ አሜሪካ ላይሰንስ፦ የቱን መንገድ ልያዝ?

አገር ቤት ስሠራ ስሜን የሚያውቅ በሽተኛ እምብዛም አልነበረም። ለሁሉም «ሲስተር» ነበርኩ። ዲቪ ደርሶኝ ቨርጂኒያ በገባሁ በአራተኛው ወር፣ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ደረቴ ላይ የተንጠለጠለው ባጅ «ሲኤንኤ» ይላል፤ የነርስ ረዳት ማለት ነው። ማጠብ፣ ማብላት፣ ማገላበጥ፣ አልጋ ማንጠፍ። ሥራው እንጀራ ነው፤ አፍሬበት አላውቅም። የከነከነኝ ሌላ ነው። አዛውንቷ ትንፋሻቸው ሲለወጥ አየዋለሁ። ምን እንደሆነም አውቃለሁ። አፌ ላይ የሚመጣው ግን «ነርሷን ልጥራልዎ» ብቻ ነው።

ዛሬ አርኤን፣ ማለትም ሙሉ ፈቃድ ያለኝ ነርስ ነኝ። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ በሰርግ፣ በለቅሶ ቤት አዲስ የመጣ ነርስ ሲያገኘኝ ጥያቄው አንድ ነው። «ዲግሪዬን ላስገምግም? ኤልፒኤን ልማር? ወይስ ኮሌጅ ገብቼ ከዜሮ ልጀምር?» ኤልፒኤን ከአርኤን ዝቅ ያለ ነርስ ማለት ነው። አብዛኛው ሰው የሚመርጠው የአክስቱ ልጅ የሄደችበትን ነው። የአክስት ልጅ ግን ዲፕሎማዋ ሌላ፣ የመጣችበት ዓመት ሌላ፣ የምትኖርበት ስቴት ሌላ ነው።

አድልዎዬን ከመነሻው ልናገር። ጠቅላላ ነርሲንግ በዲግሪ የተማረ ሰው መጀመሪያ መሞከር ያለበት ማስገምገሙን ነው ባይ ነኝ። ከዜሮ መጀመር የመጨረሻው ይሁን። ይህ ግን ለሁሉም አይሠራም። የማይሠራለት ሰው ይህንን ቶሎ ቢያውቅ ሁለት ዓመት ይተርፈዋል።

ከሁሉ በፊት ዲፕሎማችሁን አንብቡት

የምሬን ነው። አውጥታችሁ አንብቡት። የሙያው ስም ምን ይላል?

የአሜሪካ ስቴቶች የነርሲንግ ቦርዶች የሚፈልጉት ጠቅላላ ነርስ ነው። የአዋቂዎች ሕክምናና ቀዶ ጥገና፣ የሕፃናት፣ የእናቶችና የወሊድ፣ የአእምሮ ጤና። እነዚህን አራቱን በክፍልም በሆስፒታል ልምምድም ወስዳችሁ እንደሆነ ያያሉ። የአገር ቤት «ቢኤስሲ ነርስ» ብዙውን ጊዜ አራቱንም ነክቷል። በእኛ አገር ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ በሚድዋይፍሪ ወይም በሌላ ልዩ ዘርፍ የሚመረቅም አለ። አሥር ዓመት ያዋለደች ሚድዋይፍ እዚህ ለአርኤን ፈተና ላይፈቀድላት ይችላል። አሜሪካ ውስጥ ሚድዋይፍነት በአብዛኛው አርኤን ከሆኑ በኋላ በማስተርስ የሚገባበት ሙያ ነው። ጤና መኮንንም እንደዚሁ ነው። አገር ቤት ነርሶችን ሲያዝ የነበረ ሰው እዚህ በዚያ ዲግሪ ለነርስ ፈተና አይቀመጥም። ይህን ለሰው መንገር ከባድ ነው፤ ግን ገምጋሚ ድርጅት ገንዘቡን ወስዶ ከሚነግረው እኔ ብነግረው ይሻላል።

የደረጃ 4 ዲፕሎማ ያላችሁ መሐል ላይ ናችሁ። ግምገማው ከአርኤን ጋር ሊያስተካክላችሁ ይችላል፣ ከኤልፒኤንም ጋር። የሚቆጠረው የኮርስና የልምምድ ሰዓት ነው። ስንት ዓመት እንደሠራችሁ እዚህ ላይ ብዙ አይረዳም።

አንደኛው መንገድ፦ ማስገምገምና ኤንክሌክስ

በወረቀት ላይ ሲታይ አጭር ነው። የትምህርት ማስረጃችሁን እውቅና ያለው ድርጅት ይገመግመዋል። የምትኖሩበት ስቴት ቦርድ ያየዋል። ኤንክሌክስ ለሚባለው የነርሶች የላይሰንስ ፈተና ይፈቅድላችኋል። ፈተናውን ታልፋላችሁ። አለቀ።

ከገምጋሚዎቹ በሰፊው የሚታወቀው ሲጂኤፍኤንኤስ ነው። በ1977 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ፣ ፊላዴልፊያ ያለ ድርጅት ነው። በቅርቡ ስሙን ትሩሜሪት ብሎታል፤ ሁለቱን ስም ስታዩ ግራ አይግባችሁ። ስቴታችሁ የትኛውን ገምጋሚ፣ የትኛውንስ ዓይነት ሪፖርት እንደሚቀበል የቦርዱ ድረ ገጽ ላይ አንብባችሁ ክፈሉ። የተሳሳተ ሪፖርት አዝዞ ድጋሚ የከፈለ ሰው ብዙ አውቃለሁ። በዲቪ ወይም በቤተሰብ የመጣ ሰው ደግሞ ቪዛስክሪን ለሚባለው ማረጋገጫ መክፈል የለበትም። እሱ በነርስነት የሥራ ቪዛ ለሚመጣ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ራስ ምታት። ትራንስክሪፕቱን እናንተ ይዛችሁ አትሄዱም። ትምህርት ቤቱ በቀጥታ ለገምጋሚው መላክ አለበት። የአገር ቤት የሙያ ፈቃዳችሁንም ፈቃድ ሰጪው አካል በቀጥታ ያረጋግጣል። ሻንጣችሁ ውስጥ ያለው ኦሪጅናል፣ ማኅተሙ ቢያበራም፣ እዚህ ላይ ዋጋ የለውም።

እኔ በዚህ ብቻ አሥራ አራት ወር ፈጅቶብኛል። ሬጅስትራሩ መጀመሪያ «ላክን» አለ። ቀጥሎ «ኃላፊው ፊልድ ወጥቷል» ሆነ። ከዚያ ቅጹ ጠፋ። ድጋሚ ሲሞላ የክሊኒክ ልምምዱ ሰዓት ባዶ ሆኖ ሄደ፤ ገምጋሚው መለሰው። በመጨረሻ የረዳኝ ኢሜይል አይደለም። ወንድሜ በአካል ሄዶ በር ላይ ቆመ።

ስለዚህ ከእኔ ስህተት የተማርኩትን ልዘርዝር።

ኮስት ሼሪንግ ያለባችሁ መጀመሪያ እሱን ጨርሱ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተምራችሁ በቴምፖ (በጊዜያዊ ዲፕሎማ) ብቻ ወጥታችሁ ከሆነ፣ የወጪ መጋራቱ ሳይከፈል ኦሪጅናልም ኦፊሻል ትራንስክሪፕትም አይወጣም። ብዙ ሰው ይህን የሚያስታውሰው እዚህ ማመልከቻ ከከፈለ በኋላ ነው።

ለአንድ ታማኝ ሰው ውክልና ስጡ። በኤምባሲ የተሰጠ ውክልና አገር ቤት ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ አለበት፤ ያንን ሳያደርግ የሄደ ተወካይ ከበር ይመለሳል። ተወካዩ ትዕግሥተኛ ይሁን። ነገረኛም ቢሆን አይከፋም።

ስም። ይህ የእኛ ጉዳይ ነው፤ ሌላ አገር ሰው ሲነግሩት አይገባውም። ጸሐይ በፓስፖርት አንድ ዓይነት፣ በትራንስክሪፕት ሌላ ዓይነት የላቲን ፊደል ይኖራታል። የአያት ስም አንዱ ላይ አለ፣ ሌላው ላይ የለም። ግሪን ካርዱ ላይ የአባት ስም መሐል ገብቶ የአያት ስም «የቤተሰብ ስም» ሆኗል። ባሏን ተከትላ ስሟን የቀየረች ደግሞ ሌላ ወረቀት ይጨመርባታል። ለገምጋሚው አንድ ስም አስመዝግቡና ልዩነቱን የሚያስረዳ ሕጋዊ ማስረጃ አብራችሁ ያዙ።

ዘመን አቆጣጠር። ትራንስክሪፕቱ ላይ «2008» ሲል የእኛ ነው ወይስ የነሱ? በኛ አቆጣጠር የተጻፈ ቀን ሳይቀየር ከሄደ ሒሳቡ ሁሉ ይበላሻል። ልጅ እያላችሁ የተመረቃችሁ ትመስላላችሁ። ትምህርት ቤቱ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እንዲጽፍ ወይም የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ በግልጽ እንዲያስቀምጥ ለምኑ።

ቋንቋም አለ። ዩኒቨርሲቲ የተማርነው በእንግሊዝኛ ነው ብለን እንዘናጋለን። አንዳንዱ ስቴት የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ ይቀበላል፣ አንዳንዱ አይልትስ ወይም ቶፍል ይላል። ኒውዮርክ ኤንክሌክሱን ማለፍ ራሱ ቋንቋ መቻል ነው ብሎ ያልፋችኋል። ይህን ሰምቶ ኑሮው ሜሪላንድ ሆኖ ኒውዮርክ ያመለከተ አለ። ኋላ ላይሰንሱን ወደ ሜሪላንድ ሲያዛውር ያው የቋንቋ ጥያቄ ሊመጣበት ይችላል። የምትሠሩበት ስቴት ላይ ብታመለክቱ እመርጣለሁ።

ስለ ስቴት ካነሳን፣ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ኮምፓክት የሚባለው ስምምነት ውስጥ ናቸው። አንዱ ስቴት በሚሰጣችሁ የብዙ ስቴት ላይሰንስ ሌሎቹ አባሎች ውስጥ መሥራት ትችላላችሁ። ቴክሳስ፣ ጆርጂያ፣ ኮሎራዶ፣ ዋሽንግተን ስቴትም አሉበት። ዲሲ ግን የለችበትም። ቨርጂኒያ አድሮ ዲሲ ሆስፒታል መሥራት የፈለገ ሰው የዲሲን ለብቻ ያወጣል። ሚኒሶታ፣ ካሊፎርኒያና ኔቫዳም ውጭ ናቸው። የብዙ ስቴት ላይሰንስ ለማግኘት ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ የጣት አሻራና፣ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻው ላልሆነ ውጭ ለተማረ ሰው፣ የቋንቋ ፈተና ይጠየቃል።

ፈተናው

ኤንክሌክስ በኮምፒውተር ነው፤ ፒርሰን ቪዩ በሚባሉ ማዕከሎች ይሰጣል። መመዝገቢያው 200 ዶላር ነው፤ የስቴቱ ማመልከቻ ለብቻ ነው። ጥያቄው ከ85 እስከ 150 ነው፤ የተሰጠው ጊዜ 5 ሰዓት። ስትመልሱ እያየ ይከብዳል፣ ስትስቱ ይቀላል። ማለፋችሁን ወይም መውደቃችሁን 95 በመቶ ሲያምን ይዘጋል። ስለዚህ 85ኛው ላይ መዘጋቱ ብቻውን የሚነግራችሁ ነገር የለም፤ አልቅሰው ወጥተው ያለፉ አሉ። የወደቀ ሰው 45 ቀን ጠብቆ ይደግማል። ከሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ አንድ በሽተኛ ይዞ ስድስት ጥያቄ የሚጠይቅ ዓይነት ገብቷል። የድሮ የጥያቄ ስብስብ ከጓደኛ ወርሳችሁ ከሆነ አስቀምጡት።

በአሜሪካ የተማሩት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲፈተኑ ከመቶ ዘጠና ገደማ ያልፋሉ። ውጭ የተማርነው ግማሽ ያህላችን። ልዩነቱ የዕውቀት ነው ብዬ አላምንም። ጥያቄው ከለመድነው የሥራ ባህል ውጭ ነው።

ምሳሌ ልስጥ። አገር ቤት በሽተኛውን የሚያጥበው፣ የሚያበላው፣ ሽንት ቤት የሚያደርሰው አስታማሚው ነው። እህቱ፣ ልጁ፣ የጎረቤት ሰው። እዚህ አስታማሚ የለም። ሥራውን ኤይዷ (የነርስ ረዳቷ) ትሠራለች፤ ነርሷ ታድላለች። ፈተናው ደግሞ ይህን ማደል በደንብ ይጠይቃል። የትኛውን በሽተኛ ለኤልፒኤን ትሰጫለሽ? ለኤይዷስ የትኛውን ሥራ? እኔ መጀመሪያ የልምምድ ፈተና ስሠራ ሁሉንም «ራሴ እሠራለሁ» እያልኩ እወድቅ ነበር። ታታሪነት መስሎኝ።

ሁለተኛው «መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ» የሚለው ነው። አራቱም መልስ ትክክል ነው። አራቱንም ታደርጋላችሁ። ቀዳሚው የቱ ነው? ሐኪም መጥራት ነው ብላችሁ ከቸኮላችሁ ብዙውን ጊዜ ትስታላችሁ፤ ነርሷ በእጇ ልታደርገው የምትችለው ነገር ካለ እሱ ይቀድማል።

ሦስተኛው የመድኃኒት ስም ነው። በብራንድ ሳይሆን በመድኃኒቱ በራሱ ስም መጠየቃቸው ለእኛ መልካም ነው፤ የለመድነው እሱን ነው። ግን የአሜሪካውን ስም ልመዱ። ፓራሲታሞል አሲታሚኖፌን ነው። አድሬናሊን ኢፒነፍሪን፣ ሳልቡታሞል አልቡተሮል፣ ፔቲዲን ሜፔሪዲን። አንድ ገጽ ላይ ጽፌ ፍሪጅ ላይ ለጥፌው ነበር። ባለቤቴም ሸመደደው።

ጥናት ላይ አጭር ምክር፦ የጥያቄ ባንክ ግዙ። ዩወርልድ የሚባለው ውድ ነው፤ ግን የተሳሳተውን መልስ ሁሉ ለምን እንደተሳሳተ ያስረዳል። በቀን 75 ጥያቄ ሠርቶ ማብራሪያውን ሳያነብ የሚተኛን ሰው፣ 25 ሠርቶ ሁሉንም ያነበበ ይበልጠዋል።

ሁለተኛው መንገድ፦ ኤልፒኤን

ኤልፒኤን እንዳልኩት ከአርኤን ዝቅ ያለ ነርስ ነው። ቴክሳስና ካሊፎርኒያ ላላችሁ ስሙ ኤልቪኤን ነው። ትምህርቱ አንድ ዓመት ገደማ ይፈጃል፤ ፈተናው ኤንክሌክስ ፒኤን ነው። ሥራው በብዛት ነርሲንግ ሆምና የቤት ለቤት ክብካቤ ላይ ነው፤ ትልልቅ ሆስፒታሎች እምብዛም አይቀጥሩም።

ይህን መንገድ የምመክረው ለሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንዱ ግምገማው ራሱ «ኤልፒኤን ነህ» ብሎ የመለሰለት የዲፕሎማ ተመራቂ። እሱ ትምህርት ሳይደግም ቦርዱ ከፈቀደለት በቀጥታ ወደ ፈተናው መሄድ ይችላል። ሌላው ኮሌጁ የተዘጋበት ወይም ፋይሉ የማይገኝለት ሰው። ወረቀቱ የማይመጣ ከሆነ አንድ ዓመት ተምሮ በነርስነት ደመወዝ እየሠራ፣ ከዚያ ኤልፒኤንን ወደ አርኤን የሚያሸጋግር ፕሮግራም መግባት ትርጉም አለው።

ወረቀቱ እየመጣ ላለ የዲግሪ ተመራቂ ግን አልመክርም። «እስከዚያው ኤልፒኤን ልያዝ» ብሎ የገባ ጓደኛዬ የትምህርት ክፍያና የሌሊት ሺፍት አብሮ ይዞት ትራንስክሪፕቱ ሲደርስ ለኤንክሌክስ የሚያጠናበት አቅም አልነበረውም። አሁንም ኤልፒኤን ነው። ደስተኛ ነው፤ ያ የእሱ ምርጫ ነው። ግን ያሰበው እሱን አልነበረም።

ሦስተኛው መንገድ፦ ከዜሮ

ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብቶ የሁለት ዓመት ነርሲንግ መማር። ወደ ነርሲንጉ ለመግባት ግን አናቶሚና ፊዚዮሎጂ፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ እንግሊዝኛ የመሳሰሉትን ቀድሞ መጨረስ ያስፈልጋል። ብዙዎቹ ቲስ የሚባል የመግቢያ ፈተና አላቸው። ወረፋም አለ። «ሁለት ዓመት» የሚባለው በተግባር ሦስትና አራት የሚሆነው ለዚህ ነው።

ጥቅሙን አልክድም። ልምምዱ እዚሁ ሆስፒታል ውስጥ ነው፤ ሰው ያያችኋል፣ ስትመረቁ የሚቀጥራችሁ የተለማመዳችሁበት ዩኒት ራሱ ሊሆን ይችላል። እንግሊዝኛው ይፈታል። ከሬጅስትራር ጋር ጭቅጭቅ የለም። ለሚድዋይፎችና ለጤና መኮንኖች ደግሞ ዋነኛው በር ይህ ነው። የወሰዳችኋቸውን የሳይንስ ኮርሶች ኮርስ በኮርስ አስገምግማችሁ ብታቀርቡ የተወሰኑት ሊያዙላችሁ ይችላሉ። ባችለርስ ያላችሁ ደግሞ ከ12 እስከ 18 ወር የሚፈጅ የተፋጠነ የባችለርስ ነርሲንግ ፕሮግራም አለ። ውድ ነው፤ እየሠሩ ለመማርም አይመችም። በሙሉ ጊዜ ሊያጠና ለሚችል ሰው ግን ከኮሚዩኒቲ ኮሌጁ ይፈጥናል።

ብዙ ሰው የማያውቀው የገንዘብ ነገር አለ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከት ይችላል። ፔል ግራንት የሚባለው የማይመለስ ገንዘብ ግን ባችለርስ ላለው አይሰጥም፤ ዲግሪው የኢትዮጵያም ቢሆን ያው ባችለርስ ነው። ቅጹ ላይ ሲጠየቁ «የለኝም» የሚል ምክር የሚሰጡ ሰዎች አሉ። አትስሟቸው። የፌዴራል ቅጽ ላይ መዋሸት ነው፤ ነገ ዜግነት ስታመለክቱ ያገኛችኋል።

አንድ ሌላ ማስጠንቀቂያ። በጥር 2023 እ.ኤ.አ. የፌዴራል መርማሪዎች ፍሎሪዳ ውስጥ የነርስ ዲፕሎማ ሲሸጡ የነበሩ ትምህርት ቤቶችን አጋልጠዋል። ከ7,600 በላይ የሐሰት ዲፕሎማ ተሽጧል። ገዝተው ኤንክሌክስ ያለፉት ሳይቀሩ ላይሰንሳቸውን አጥተዋል። «ክላስ ሳትገቢ ትጨርሻለሽ» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ ይህን አስታውሱ።

የእኔ ጥርጣሬ ይህ ነው። አራት ዓመት የተማራችሁትን ጥላችሁ የሁለት ዓመት ዲግሪ ስትይዙ፣ ትልልቅ ሆስፒታሎች የሚመርጡትን ባችለርስ ለማግኘት ሌላ ፕሮግራም ያስፈልጋችኋል። ኢትዮጵያ የያዛችሁት ከባችለርስ ጋር እኩል ነው ከተባለ ግን በዚያው ማስተርስ ማመልከት ትችላላችሁ።

ሲኤንኤ እስከዚያው

ሲኤንኤ ከሦስቱ ጋር አይወዳደርም። ወረቀቱ እስኪመጣ የሚበላበት ነው። የፌዴራሉ ዝቅተኛ ሥልጠና 75 ሰዓት ነው፤ አንዳንድ ስቴት ከዚያ በላይ ይጠይቃል። ሜሪላንድ ላይ ነርሲንግ ሆም ለመሥራት ጂኤንኤ የሚባል ተጨማሪ የምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። ወራት ሳይቆዩ ሥራ ይገኛል። የሆስፒታሉን ቋንቋም ትለምዳላችሁ፤ ሪፖርት እንዴት እንደሚቀባበሉ፣ ቤተሰብ እንዴት እንደሚያናግሩ።

አደጋው ኦቨርታይሙ ነው። ድርብ ሺፍት ይጠሯችኋል። አገር ቤት የሚላክ አለ፣ ኪራይ አለ፣ መኪናው ዕዳ አለው። እምቢ ማለት ያስቸግራል። ሦስት ዓመት እንዲህ ያልፋል። አንዳንድ ስቴት ደግሞ በቅርብ ዓመታት በነርስነት ያልሠራ ሰው የማደሻ ኮርስ እንዲወስድ ይጠይቃል፤ መዘግየቱ ራሱ ዋጋ አለው። እኔ ማክሰኞና ሐሙስን ለጥናት ዘግቼ ነበር። እናቴ ብትደውል እንኳ ማታ ነበር የማነሳው።

ወረቀቱን እየጠበቃችሁ ደግሞ አንድ ሁለት የኮሌጅ ኮርስ ብትወስዱ እወዳለሁ፤ እንግሊዝኛና ማይክሮባዮሎጂ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል እንደሚባለው ነው። ግምገማው ካልሠራ ሦስተኛው መንገድ ላይ ግማሽ ሄዳችኋል። ከሠራም እንግሊዝኛው አይጎዳም።

ገና አገር ቤት ላላችሁ

ለእናንተ ሌሎች በሮችም አሉ። ባጭሩ፦

ባሕረ ሰላጤው ይፈጥናል። ዱባይ፣ አቡዳቢ፣ ሳዑዲና ኳታር የየራሳቸው ፈቃድ ሰጪ አላቸው፤ ማስረጃውን ግን በብዛት ዳታፍሎው የሚባል ድርጅት ከምንጩ ያጣራዋል። ፈተናው ባለ ምርጫ ጥያቄ ነው። ከተመረቁ በኋላ የሥራ ልምድ ይጠይቃሉ፤ ሁለት ዓመት ቢኖራችሁ ደህና ነው። ደመወዙ ግብር የለውም። ዜግነት የለም፣ ኑሮው በአሠሪው ላይ የተንጠለጠለ ነው። ገንዘብ አጠራቅሞ ለቀጣዩ መዘጋጃ አድርጎ ለሚያየው ጥሩ ነው።

እንግሊዝ ሁለት ፈተና አላት። አንዱ በኮምፒውተር፣ ሌላው ኦስኪ፤ በአሥር ጣቢያ እየዞሩ በተግባር የሚፈተኑት። ኦስኪው እዚያው አገር ውስጥ ነው፤ 800 ፓውንድ ገደማ ያስከፍላል፤ ብዙ አሠሪ ይሸፍነዋል። አይልትስ በማንበብ፣ በማዳመጥና በመናገር 7፣ በመጻፍ 6.5። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያ እጥረት አለባቸው ብሎ የዘረዘራቸው አገሮች ውስጥ ናት። እንግሊዝ ከእነዚህ አገሮች ነርስ እየዞሩ መመልመልን ትከለክላለች። እናንተ በራሳችሁ ማመልከት ግን ትችላላችሁ። ስለዚህ አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ «ለእንግሊዝ ሆስፒታል እየመለመልን ነው፣ ይህን ያህል ክፈሉ» የሚል ኤጀንሲ ካያችሁ ቡናችሁን ጨርሳችሁ ውጡ።

ጀርመን ለመታገሥ ለሚችል ሰው ነው። ፈቃዱ የሚጠይቀው የጀርመንኛ ደረጃ በአብዛኛው ቢ2 የሚባለው ነው። የጎደለውን በፈተና ወይም በማስተካከያ ሥልጠና ትሞላላችሁ፤ እስከዚያ በረዳትነት መሥራት ይቻላል። ከመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚያው እየሠሩ እውቅናውን የሚጨርሱበት መንገድ ተከፍቷል። አዲስ አበባ ጎተ ኢንስቲትዩት አለ። ቋንቋው ፈተናው ነው፤ ሌላው ይከተላል።

የአሜሪካን ኤንክሌክስ ማለፍ ደግሞ እዚያው ብቻ አይቀርም። ካናዳ ከ2015 ጀምሮ በዚሁ ፈተና ትጠቀማለች፤ አውስትራሊያም ውጭ ለተማሩ ነርሶች አንዱ ደረጃ አድርጋዋለች።

ሰሞኑን የጠየቁኝ ሦስት ሰዎች

የመጀመሪያው ከሁለት ወር በፊት የመጣ ልጅ ነው። ቢኤስሲ ነርስ፣ አራት ዓመት ሠርቷል፣ ኮስት ሼሪንጉን ከፍሏል። «ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ልመዝገብ» ይላል። አልኩት፣ ገና ትኩስ ነህ፣ ወረቀትህ ንጹሕ ነው፣ ግምገማውን ዛሬ ጀምር። ሲኤንኤ ሥራ። ጥያቄ ባንኩን ገና ሲፈቀድልህ ግዛ፤ አሁን ብትገዛው ጊዜው ያልፍበታል።

ሁለተኛዋ ሚድዋይፍ ናት። ዘጠኝ ዓመት ያዋለደች። ለገምጋሚ ልትከፍል ነበር። ቁጭ ብለን የቦርዱን መስፈርት አብረን አነበብነው። ዝም አለች። ከዚያ «እና ልጆቼ ትምህርት ቤት ሲገቡ እኔም ልግባ?» አለች። ኮሌጁ ማታ ማታ የሚሰጠውን አናቶሚ አሳየኋት። ተመዝግባለች።

ሦስተኛዋ ዲሲ አጠገብ ትኖራለች። ስድስት ዓመት ሲኤንኤ ነች፣ ዲግሪዋ አለ፣ ትራንስክሪፕቱ ግን ተጠይቆ አያውቅም። ኤልፒኤን ልትገባ ፎርም ይዛ መጣች። ፎርሙን አልነጠቅኳትም። እህቷ ጎንደር እንዳለች ስለማውቅ፣ እዚያው ፊቴ ደውላ ኮስት ሼሪንጉ ስንት እንደቀረ እንድትጠይቅ አደረግኳት። ያን ያህል አልነበረም። አዲስ የገዛችው ስልክ ይበልጣል።